ሰባት ወር የቆመው መስመር

አንድ ሰው ነበረ። የሕፃናት ማሳደጊያ ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ክፉ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ታሪኩ የሌላ ሰው ነው ብላችሁ ተደላድላችሁ ትቀመጣላችሁና። የልጆቹ ወተት እንዳይጓደል በየቢሮው እየዞረ የሚሟገት፣ ለራሱ የማይኖር ሰው ነው። ግን ቁጡ ነበረ። ሲቆጣ ጆሮው ይደፈናል። ስሙን እርገጤ እንበለው።

በዚሁ ማሳደጊያ አስካለ የምትባል መዝገብ ያዥ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ልጅ በመጣ ቁጥር ፎቶ ታነሳለች፤ የት እንደተገኘ፣ ምን እንደለበሰ፣ ማን እንዳመጣው፣ ኋላም ወዴት እንደተላከ ትጽፋለች። የጻፈችው ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ይገባል፤ ከዚያ እርገጤ ኮምፒውተር ላይ በራሱ ይወርዳል። የይለፍ ቃሉን አንዴ በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ የያዘው እርገጤ ብቻ ነው። በግንቦት መጨረሻ የአስካለ ኮምፒውተር ተቃጠለ። እሷ ግን አልደነገጠችም። «ሁሉም ክላውዱ ላይ አለ» አለችና ሥራዋን በደብተር ቀጠለች።

ሰኔ ላይ አንዲት ሴት በክራንች እየተደገፈች መጣች። አበዙ ትባላለች። ጥር ላይ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተገልብጦ እሷን ራሷን እንደሳተች ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዷት። የሦስት ዓመት ልጇን ደግሞ፣ አንዳች ያልነካትን ልጅ፣ የመንደሩ ሰዎች አንሥተው ለዚህ ማሳደጊያ ሰጧት። እናት አምስት ወር ተኛች። መቆም ስትችል አደጋው ወደደረሰበት ቦታ ተመልሳ ጠየቀች፤ ሰዎቹም ይህን በር አሳዩዋት።

እርገጤ ተቀበላት፤ ወንበርም ሰጣት። ኮምፒውተሩን ከፈተ። የጥር ልጆችን ፈለገ፤ የሉም። የታኅሣሥን ፈለገ፤ እነሱም የሉም። መዝገቡ ኅዳር ላይ ያበቃል።

የኢንተርኔቱን ማሽን ነቀለው፤ መልሶ ሰካው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። አሁንም ባዶ ነው። ደም ፊቱን ሲሞላው ይታወቅ ነበር።

«አስካለን ጥሩልኝ» አለ።

አስካለ መጣች። የሴትዮዋን ፊት አየች፤ የልጅቷን ነገር ሰማች። «አውቃታለሁ» አለች። «ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ስሟን ስንጠይቃት ሚጡ ብቻ ነበር የምትለው። ዘጠኝ ቀን እዚህ ቆይታለች፤ እርስዎ ለስብሰባ የሄዱ ጊዜ።»

የአበዙ ክራንች ከእጇ ወደቀ።

«የት ነው የተጻፈው?» አለ እርገጤ።

«ክላውዱ ላይ። እኔው ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«ነይ እዪው። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ፋይል የለም።»

«አቶ እርገጤ፣ በኢንተርኔት በቀጥታ ይግቡና እንየው። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ አልወረደ ይሆናል እንጂ . . .»

«እንዳትነኪው» አለ። በሩ ክፍት ነው። ወጥ ቤቷ ቆማ ትሰማለች፤ ዘበኛው ቆሞ ይሰማል። «ደመወዝሽን እየበላሽ ሰባት ወር ተኝተሻል። አሁን ኮምፒውተሬ ተቃጠለ ትያለሽ። ዋሾ ነሽ። ሴትዮዋንም በሌለ ልጅ ታጓጊያታለሽ።» ወደ አበዙ ዞረ፤ «እኔ ዘንድ የገባች ልጅ የለችም፤ ፖሊስ ጣቢያ ይጠይቁ» አላት።

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው በአንዲት ቃል ስንት ነገር ሊሰብር ይችላል? ቆጥራችሁታል? የአሥራ አንድ ዓመት ሠራተኛ ሰበረ። ከሞት የተመለሰች እናት ሰበረ። ሁሉንም ያደረገው ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ ነው።

አስካለ የቢሮዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ክራንቹን አንሥታ ለአበዙ ሰጠቻት፤ ተያይዘው ወጡ።

ከአጥሩ ውጭ አስካለ እንዲህ አለቻት፦ «ልጅሽ በሕይወት አለች። ያኔ ቦታ ጠቦን ሠላሳ አንድ ልጆች በአንድ ሳምንት ወደ ሦስት ከተማ ላክን። እሷ የትኛው እንደደረሳት ጠፋብኝ። እንሄዳለን።» ለሦስቱም ማሳደጊያዎች ደወለች። ሦስቱም «የልጅ ነገር በስልክ አንናገርም» አሏት። ልክ ናቸው። ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዱ።

እርገጤስ? በማግስቱ ነጋሽ የሚባል የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራ። ለምን መሰላችሁ? ልጅቷን ለመፈለግ አይደለም። ሠራተኛዋ እንዳልሠራች የባለሙያ ቃል በጽሑፍ ፈልጎ ነው። የስንብቱን ደብዳቤ ጀምሮታል።

ነጋሽ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ኢንተርኔቱን ሞከረ። የኮምፒውተሩን ሆድ አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣

«ኢንተርኔቱ ደህና ነው» አለ። «ኮምፒውተሩም ጤነኛ ነው። ቦታም አልሞላም።»

«ታዲያ አልጻፈችም ማለት ነዋ።»

«እሱን አላልኩም። ከታች ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ይዩ፤ ሁለት ቋሚ መስመር። ፋይል ማውረዱ እንዲቆም ታዟል ማለት ነው። አልተበላሸም፤ ሰው ነው ያስቆመው። የመጨረሻው የወረደው ኅዳር አሥራ ሁለት ነው።»

«ማን ነው ያስቆመው?»

«በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው።»

እርገጤ ኅዳር አሥራ ሁለት ትዝ አለው። ውጭ አገር ካሉ ረጂዎች ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ነበረው፤ ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸገረው። ፋይሉ ነው ኢንተርኔቱን የሚሻማኝ ብሎ ለአንድ ሰዓት ብሎ አስቆመው። ረሳሁት እንዳይል ደግሞ ሊረሳ አልተተወም። በየጠዋቱ ኮምፒውተሩን ሲከፍት «ቆሟል፤ ልቀጥል?» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እሱም በየጠዋቱ «ኋላ» ብሎ ይዘጋዋል።

መጀመሪያ ምን ተሰማው ትላላችሁ? ጸጸት? አይደለም። ቁጣ ነው። «ይህ ማሽን በደንብ አይናገርም እንዴ?» ብሎ ነጋሽ ላይ ጮኸ።

ነጋሽም፣ «ሁለት መቶ ቀን ነግሮዎታል» አለው።

ነጋሽ ኮምፒውተሩን ማውረዱን እንዲቀጥል አዘዘው። ፋይሎቹ ይወርዱ ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ አርባ፣ መቶ። የታኅሣሥ ልጆች መጡ። የጥር ልጆች መጡ። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ልጅ መጣች፤ ፎቶዋ ላይ ትስቃለች። ከሥሩ አስካለ የጻፈችው፦ «ሚጡ ትላለች። እናቷን ስትጠራ ሌሊት ትነቃለች። ጥር ሃያ ስምንት ወደ ሆሳዕና ተልካለች።»

ያን ጊዜ ነው ስልኩን ያነሣው።

ለአስካለ ደወለ፤ አይጠራም። ደገመ፤ አይጠራም። ቁጥሩን ዘግታበት ነበር። ሐቅ ነበራት፤ ማንም አይወቅሳትም። ግን እዩት የቁጣን ነገር፤ የባለሐቁንም መስመር ይዘጋል። ሁለቱ ሴቶች ያን ቀን ቡታጅራ ነበሩ፤ ልጅቷ የለችም። በማግስቱ ወልቂጤ ሄዱ፤ የለችም። የአበዙ ብብት ከክራንቹ የተነሣ ቆስሎ ደም አውጥቷል። አንድ ስልክ ቢገባ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

እርገጤ የስንብት ደብዳቤውን ቀደደ። የልጅቷን ወረቀት አሳትሞ ማኅተም አደረገበትና ሆሳዕና ወረደ። ማሳደጊያው በር ላይ ተቀመጠ። አደረ፤ እንደገና ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች አቧራ ለብሰው ከባጃጅ ወረዱ።

ተነሣ። «ያስቆምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጽፈሽ ነበር። ሁሉንም ጽፈሽ ነበር። ልጅቷ እዚህ ናት፤ ወረቀቱ ይኸው። አስካለ፣ ይቅር በይኝ።»

አስካለ ወረቀቱን ተቀብላ ለአበዙ ሰጠቻት። «ልጅቷ ትቅደም» አለች።

ልጅቷ መጣች። በማሳደጊያው ትዕግሥት የሚል ስም ሰጥተዋት፣ ለምዳው ነበር። እናቷን አይታ ከሞግዚቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። አበዙ አልጠራቻትም፤ አላለቀሰችም። ክራንቹን አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ልጅቷ ልትተኛ ስትል የምታንጎራጉርላትን እሹሩሩ ቀስ ብላ ጀመረች። ብዙ ቆየ። ከዚያ ልጅቷ መጣችና ጭኗ ላይ ተቀመጠች፤ ስታዳምጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

ያን ጊዜ አስካለ ወደ እርገጤ ዞረች። «እዚህ ማንም አያውቀኝም» አለችው። «ዋሾ ያሉኝ በማን ፊት ነው?»

ገባው። ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤቷን፣ ዘበኛውን፣ ሞግዚቶቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ እሷን መሐል አቁሞ ተናገረ። «ዋሽታለች ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ውሸቱ የኔ ነበር» አለ። አስካለ ይቅር አለችው። ወደዚያ ቢሮ ግን አልተመለሰችም። ዛሬ በሌላ ከተማ የሌሎችን ልጆች ስም ትጽፋለች። ይቅርታ ይገኛል፤ የሰበራችሁት ሁሉ ግን እንደነበረ ይመለሳል ያላችሁ ማን ነው?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ወደ እኔ እየመጣችሁ ምን ትሉኛላችሁ? «አባ፣ ጸሎቴ አይሰማም። እግዚአብሔር ዝም አለኝ። ሰማዩ ተዘጋብኝ።» ትቆጣላችሁ፤ በእሱ ትቆጣላችሁ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ትቆጣላችሁ፣ በጎረቤታችሁ ትቆጣላችሁ። እኔም ዛሬ ተቆጥቻለሁና ልናገር። የሰማዩ መስመር ደህና ነው። መቼ ነው ያስቆማችሁት? «ለዛሬ ብቻ» ብላችሁ የተዋችሁት ጸሎት ስንት ዓመት ሆነው? በየጠዋቱ ልባችሁ «ከወንድምህ ታረቅ፣ ከእናትሽ ታረቂ» ሲላችሁ «ኋላ» ብሎ የሚዘጋው ማነው? እናንተ አይደላችሁም?

እናንተ «ኋላ» ስትሉ በክራንች የምትንከራተት ሰው አለች። አታዩአትም። በቡታጅራ ትወርዳለች፣ በወልቂጤ ትወርዳለች፤ እናንተ ቤት በያዛችሁት አንዲት ቃል ምክንያት ትደማለች። እናንተ ግን በእርግጠኝነት ተቀምጣችሁ የስንብት ደብዳቤ ትጽፋላችሁ።

ብትሳሳቱ አልቆጣም ነበር። ሰው ይሳሳታል። እኔን የሚያስቆጣኝ «እስኪ ገብተን እንየው» ስትባሉ «እንዳትነኪው» ማለታችሁ ነው።

ዛሬ እንደልማዳችን ባርኬ አላሰናብታችሁም። ወደዚህ ስትገቡ ስልክ ዝጉ ብለናችኋል፤ እኔ አሁን ክፈቱ እላለሁ። አውጡት፤ አትፈሩ፤ እዚሁ። ያባረራችሁትን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ስሙን እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ደውሉ። ባያነሣ ድገሙ። ዘግቶባችሁ ከሆነ ተነሡና ሂዱ፤ በሩ ላይ ተቀመጡ።

እኔ ዝም እላለሁ። ቡራኬው ይቆያችኋል።