በዓል የማያውቁ ትሎች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ አርባ ምንጭ አጠገብ ሦስት ልጆች እናታቸውን በደሉ። የበደሏት ሊጠቅሟት ሲሮጡ ነው። ከእንዲህ ያለ በደል ይሰውራችሁ። ጠላት ቢበድል ይረገማል፤ የወለዱት ሲበድል ግን እርግማኑ ከጉሮሮ አያልፍም።

እናትየዋ ጌጤነሽ የሐር ትል አርቢ ነበረች። የጉሎ ቅጠል እየቆረጠች፣ ትሎቹን በቀርከሃ ሰፌድ ላይ እየመገበች አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። በየዙሩ ብርቱዎቹን ትመርጥና እንቁላል ታስጥላለች። እንዲህ እንዲህ እያለች የቆላውን ፀሐይ የሚችል የራሷን ዘር አወጣች። በማኅበራቸው ያሉት አሥራ ሰባት ሴቶች እንቁላል የሚወስዱት ከእሷ ብቻ ነው። የእሷ ዘር ከጠፋ የአሥራ ሰባቱም ሰፌድ ባዶ ይቀራል።

ዐይኗ ግን መድከም ጀመረ። የትል እንቁላል ከሰሊጥ ያንሳል፤ በዳበሳ አይለቀምም። ማኅበሩ የዘር ቤቱን ቁልፍ የሚረከብ አንድ ሰው እንድትሰይም ጠየቃት። አንድ ብቻ፤ ዘር ብዙ እጅ ሲነካው ይደባለቃላ። ሦስቱም ልጆቿ ይህን ሰሙ። ሦስቱም ለቁልፉ የሚገባቸው መሆኑን ለማሳየት ተነሡ።

ጌጤነሽ ዱሮ የትሎቹን ቤት የምታቀዘቅዘው በመስኮትና በረጠበ ጆንያ ነበር። ትል ሃያ ስድስት ዲግሪ ይስማማዋል፤ ሠላሳ አምስት ሲያልፍ መብላት ያቆማል። እሷ ዲግሪ አታውቅም፤ የእጇን አንጓ ወደ ሰፌዱ አስጠግታ «ሞቃቸው» ትላለች፣ ጆንያ ታርሳለች፣ አለቀ። ልጆቹ ጆንያውን ጣሉ። መስኮቱንም ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብለው በብሎኬት ደፈኑት። በምትኩ በሶላር የሚሠራ ማቀዝቀዣ ገባ። የሶላሩ ባትሪ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት አይችልም። መቼ ይሥራ፣ መቼ ይረፍ? መከራው ሁሉ የተወለደው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ታላቁ መሳፍንት አዲስ አበባ ያለ የሕንፃ መሐንዲስ ነው። የእናቱን ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ሠራት፤ የግድግዳውን ውፍረት፣ የቆርቆሮውን ዓይነት፣ ፀሐይ በየወሩ የምትመታበትን ጎን ሳይቀር አስገባ። ከዚያ አንድ ሙሉ ዓመት በቤቲቱ ላይ በአራት ደቂቃ አሳለፈባት። «እማዬ፣ የዓመቱን ሙቀት ሳይመጣ አየሁት» አላት። ኮምፒውተሩ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ውስጥ ማን አለ? መሳፍንት «አንድ ሰው» ብሎ ጻፈ። ሌላ ሙቀት የሚያወጣ ነገር ካለ ለሚለው ዜሮ አኖረ። ስምንት ሺህ ትል ዜሮ ሆነ። ኮምፒውተሩም ሰው በሌለበት ቀን ቤቲቱ ያለ ማቀዝቀዣም ሠላሳ አምስት አትደርስም አለ።

ሁለተኛዋ ትርሲት ሶዶ ትሠራለች። እናቷን እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። የማቀዝቀዣውን የሥራ ሰዓት የምታወጣው እሷ ሆነች፤ በስልኳም ከሩቅ ታዝዘዋለች። እናታቸው መቼ እንደምትገባ፣ መቼ እንደምትወጣ አንድ በአንድ ጻፈች። ጌጤነሽ በበዓል ቅጠል አትቆርጥም፤ በዋዜማ ቆርጣ በማለዳ በትና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ስለዚህ ትርሲት በሠንጠረዡ ላይ አሥራ ሁለት ሚካኤልን፣ ሃያ አንድ ማርያምን፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለምን፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድን፣ እሑዶችንም ሁሉ «ቤቱ ባዶ» አለቻቸው። «አየሽ እማዬ፣ ማሽኑን እንኳ በዓል አስከበርኩት» ብላ ሳቀች። እናቷም ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል።

ትንሹ ይትባረክ ጨንቻ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቴርሞስታቱን ግድግዳው ላይ የገጠመው እሱ ነው፤ ሙቀቱ ስንት ሲደርስ ማሽኑ እንደሚነሣ የሚወስነውን ማለት ነው። ሰው ሲኖር ሃያ ስድስት፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ሠላሳ ስምንት ላይ አደረገው። እናቱ ግን በአንጓዋ እየለካች ሦስት ጊዜ ነካካችው፤ ባትሪውም ሦስት ጊዜ አለቀ። ይትባረክ በላስቲክ ሣጥን ሸፍኖ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «እማዬ፣ እንደ ድስት እያማሰልሽው እኮ ነው። ከሰበርሽው ደግሞ ጠጋኝ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል» አላት። እሷም እጇን ሰበሰበች።

በመጋቢት መድኃኔ ዓለም ቅዳሜ ዋለ፤ ማግስቱ እሑድ፤ ሁለት ቀን «ባዶ»። ትሎቹ በመጨረሻው ዕድሜያቸው ላይ ነበሩ፤ ሐር ሊፈትሉ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል። በዚያ ዕድሜ ትል ሲበላ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያርፍ ካፊያ ይሰማል። ጌጤነሽ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ካፊያው የለም። ቅጠሉ እንደተበተነ ነው። ማሽኑ ዝም ብሏል፤ ለእሱ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ገና ነው።

ጆንያ ፈለገች፤ ተጥሏል። መስኮት ፈለገች፤ ተደፍኗል። ሣጥኑን ያዘች፤ ተቆልፏል። በሩን ክፍት ብትተወው የውጭው ወበቅ ገባ። ሃያ ሰፌድ መሐል ቆማ የትኛውን አንሥታ የት እንደምታወጣው ጠፋት። በገዛ ቤቷ ማድረግ የምትችለው ነገር ቢኖር ስልክ መደወል ብቻ ነበር።

መሳፍንት የሆነውን እንደሰማ «ትሎቹን ዜሮ ብዬ ነበር!» አለ። ወዲያው ትሎቹን በስሌቱ አስገብቶ ቤቲቱን እንደገና አስኬዳት። «እማዬ ስሚኝ፤ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ከሌላው በአምስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሌላ ቦታ አትድከሚ» አላት። ቦታውን ያወቀው ሰባት መቶ ሺህ እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ነው።

ትርሲት ስልኩ ሲደርሳት ስብሰባ ላይ ነበረች። ተነሥታ ወጣች፤ ኮሪደር ላይ ቆማ በስልኳ መድኃኔ ዓለምን ከሠንጠረዡ ሰረዘችው። አማተበችም። ማሽኑ ተነሣ። ያ ባይሆን የሰሜኑ ጥግ ብቻውን እስከ ማታ አይቆይም ነበር።

ይትባረክ ከጨንቻ በሞተር ቁልቁለቱን ወርዶ ሲደርስ ማሽኑ ያጓራል፤ የጋለውን ቤት ግን አልቻለውም። ባትሪው ግማሽ ደርሷል። ሣጥኑን ከፈተ፣ ቁጥሩን አወረደ፤ አልበቃም። ላስቲክ ቀደደና የሰሜኑን ጥግ ከማሽኑ አፍ ጋር እንደ ድንኳን ጋረደው። ድንኳኑ የሚችለው አንድ ሰፌድ ነው።

«የትኛውን?» አላት።

እጇን ወደ አንዱ ዘርግታ ወደ ሌላው አዞረች። እሱ አንዱን አንሥቶ አስገባና አሥራ ዘጠኙን ተዋቸው። እናቱ ደጅ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

የተረፈው ሰፌድ ፈተለ፤ ቢራቢሮው ወጣ፤ እንቁላል ጣለ። ዘሩ ከአንድ ሰፌድ ቀጠለ ማለት ነው። ማኅበሩም ቀን ቆርጦ መጣ። በዚያ ቀን ሦስቱ ልጆች እናታቸው ፊት ተቀመጡ።

መሳፍንት «ቦታውን ባላይ ኖሮ ማሽኑም ላስቲኩም ከንቱ ነበር» አለ።

«ማየትማ ዱሮም አይተህ ነበር፤ ዜሮ አየህ» አለችው ትርሲት። «ማሽኑን ያስነሣሁት እኔ ነኝ።»

«ያስተኛሽውስ?» አላት ይትባረክ።

«አንተ ደግሞ እናትህን ከገዛ ግድግዳዋ ቆልፈህ ሄድክ» አለው መሳፍንት።

«ቆልፌአለሁ። ግን ከሦስታችን በእጁ ሰፌድ ያነሣ ማን ነው?»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ማንጠግቦሽ ምላሷ አያርፍም። «እንኳንም አራተኛ አልወለድሽ እትዬ ጌጤነሽ» አለች፤ «አንዷ ሰፌድም ባልተረፈች።» ሴቶቹ ሊስቁ ብለው ተዉት። ከዚያ ተከፋፈሉ። አንዷ አውቆ የሚያይ ይሻላል ስትል፣ ሌላዋ የእናቷን ልማድ የምታውቀው ሴት ልጅ ትሁን ትላለች፤ ሦስተኛዋ ሲጨንቅ የሚጨክን እጅ ነው ዘር የሚያቆየው ትላለች። ለማንም አትስጪ ያለችም ነበረች። ግን ዐይኗ ነገ እንደማይሻላት ሁሉም ያውቃል።

«ስም ስጪን እንጂ» አለች ማንጠግቦሽ። «አሥራ ሰባት ሰፌድ እየጠበቀ ነው።»

ጌጤነሽ ልጆቿን ተራ በተራ አየቻቸው፤ በደከመ ዐይኗ ማየት የምትችለውን ያህል። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ እንዲህ አለች፦

«ያዳነልኝን ልሾም ብል ሦስቱም አድነውልኛል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዛሬ እንቁላል የለም። የጨረሰብኝን ልከልክል ብል እነዚያው ሦስቱ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ትሎቼን ቢያስባቸው ኖሮ አሥራ ዘጠኙ አይሞቱም። እኔ እናታቸው ነኝ፣ መፍረድ አልቻልኩም። እናንተ አልወለዳችኋቸውም፤ እስቲ ፍረዱ፦ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?»