ቀንደ ሰባራው የገብስ በሬ

በአቴና አካባቢ ባለች ሜሊኖስ በምትባል መንደር፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ደም ነክቶት የማያውቅ አንድ የድንጋይ መሠዊያ አለ። በየዓመቱ እርሻ ከመጀመሩ በፊት ሰዉ በበሬ አምሳል የተጋገረ የገብስ ዳቦ ይዞ ይወጣል፤ ከማስቀመጡም በፊት የዳቦውን ግራ ቀንድ ይሰብራል። እንግዳ ሰው መጥቶ ደህናውን ዳቦ ለምን ታበላሹታላችሁ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሽማግሌዎቹ አስቀምጠው ይህን ይነግሩታል።

አገሩን ያቀኑት የመጀመሪያው ንጉሥ ኬክሮፕስ ከመሬት የበቀሉ፣ ከወገባቸው በላይ ሰው ከወገባቸው በታች እባብ ነበሩ ይባላል። በእሳቸው ዘመን ሰማዩ ጨክኖ ሁለት ዓመት ዝናብ ጠፋ። ሕዝቡም መክሮ ለሰማዩ አምላክ ለዜውስ በሬ ይታረድ አለ፤ ዕጣው ሚርቲስ በምትባል ባሏ በሞተባት ሴት ላይ ወጣ። ሚርቲስ ያላት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅታ የምታርስበት አንድ በሬ ብቻ ነው፤ እሱም ግራ ቀንዱ የተሰበረ። ምስኪን ግራ ገባት። በሬውን ካልሰጠች ዝናብ የለም፤ ከሰጠች ደግሞ ዝናቡ ቢመጣስ በምን ልታርስ ነው?

እንደሚነገረው ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተችና የቀረቻትን የገብስ ዱቄት በማር ለውሳ በሬዋን የሚመስል ዳቦ ጋገረች፤ የግራ ቀንዱን ስብራት እንኳ አልረሳችም። በቀጠሮው ቀንም የቱን እንደምትሰጥ ሳትወስን፣ በሬውን በገመድ እየሳበች ዳቦውን በቅርጫት ይዛ ወጣች። የበሬውን ገመድ ሳትለቅ ዳቦውን ከመሠዊያው ላይ አኖረች። በሬው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የጠገበበት ቀን አልነበረምና አንገቱን ሰገግ አድርጎ ዳቦውን ዋጥ አደረገው።

ሕዝቡ ጮኸ። «የአምላክን ድርሻ በላ፣ ይታረድ!» የሚለው ብዙ ነበር፤ «አምላክ ራሱ በበሬው አፍ በላ እንጂ» የሚልም አልጠፋ። ቢላዋ የያዘው ሰውዬ አንዴ በሬውን አንዴ ንጉሡን እያየ ቆመ።

ንጉሡ በጭራቸው እየተሳቡ ቀረቡ።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ለአምላክ ያመጣሽው የቱን ነው?»

ሚርቲስ መዋሸት ፈልጋ ነበር ይባላል፤ አልሆነላትም። «አላውቅም፣ ጌታዬ። ቢጨንቀኝ ሁለቱንም ይዤ መጣሁ።»

ንጉሡ «እኔም ሰው ልሁን እባብ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እናንተም ሳታውቁ አነገሣችሁኝ» አሉ። «በማናውቀው ነገር ነፍስ አናጠፋም። ሂጂ፣ ሌላ ጋግሪ።»

ዱቄቷ አልቆ ነበርና፣ ይታረድ ብለው የጮኹት ጎረቤቶቿ ራሳቸው እያፈሩ አንዳንድ እፍኝ አዋጡላት።

ዝናቡ በሦስተኛው ቀን መጣ የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ዓመት ቆይቶ ነው የሚሉም አሉ፤ ሽማግሌዎቹ በዚህ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። በዘነበ ጊዜ ሚርቲስ በቀንደ ሰባራው በሬዋ ማረሷን ግን ሁሉም ይመሰክራል። ንጉሡም ሲሞቱ ከመሠዊያው ሥር ተቀበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ዳቦው ለዜውስ ይሁን ለንጉሡ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሰዉ ግራውን ቀንድ ሰብሮ ዳቦውን ካኖረ በኋላ «የማን እንደሆነ አላውቅም» ይላል፤ ከዚያም ቁልቁል ወርዶ በሬዎቹን ይጠምዳል።