ማነህ ዋሻ

በጉርባ አምባ በር የሚያንኳኳ ሰው ስሙን አይናገርም፤ ከውስጥም «ማነው?» የሚል የለም። መጪው ደጃፍ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ባለቤቱ ፊቱን የሚያየው ከከፈተለት በኋላ ነው። ከሌላ አገር የተዳረች ሙሽራ ሳታውቅ «ማነው?» ብላ ብትጣራ አማቷ ሮጣ አፏን ትይዛታለች። ጎረቤቶቻቸው «ለሌባ ሠርግና ምላሽ ናችሁ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ ጉርባዎች ግን አይስቁም። ምክንያቱን አጥብቆ ለጠየቀ ሰው ከአምባው ሥር ያለውን፣ ከብት እንኳ ከዝናብ የማይጠለልበትን ማነህ ዋሻ ያሳዩታል።

እንደሚነገረው፣ ነገሥታቱ በኖራ ግንብ ያሠሩ በነበረበት ዘመን ከህንድ አገር ግንበኞች መጥተው ነበር። ሥራው አልቆ ጓደኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጎቢንድ የሚባለው ቀረ። መዶሻውን ለአንዱ ገበሬ ሰጠና ዋሻው ውስጥ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ቆሎ የሚያቀብሉት ሴቶች «ምን እየሠራህ ነው?» ሲሉት፣ «በአገራችን አንድ መንገድ አለ። ሰው ራሱን ማነኝ ብሎ ይጠይቃል። ስሜ ነኝ የሚል መልስ ይመጣል፤ ይህ አይደለም ብሎ ያስቀምጠዋል። ሥጋዬ ነኝ የሚል ይመጣል፤ ይህም አይደለም። ሁሉ አልቆ የሚቀረው በአፍ አይነገርም፤ ይታወቃል እንጂ» ይላቸው ነበር ይባላል። ሴቶቹም ረሃብ ያናገረው መስሏቸው ቆሎውን ጨመሩለት።

የዋሻው ባለርስት ግራዝማች ቢያድግልኝ ጓንጉል ይባል ነበር፤ በፈረሱ በነጎድ ስም ደግሞ አባ ነጎድ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሙ ግን እንደ ጠጅ ያሰክረው ነበር። እንደምን አደርክ ያለውን ሰው ሁሉ የአያት ቅድመ አያቱን ገድል ሳይቆጥርለት አይለቅም። ሚስቱ ወይዘሮ ትርንጎ «ኧረ እባክህ፣ ሙታኑን አሳርፋቸው» እያለች ትቀልድበት ነበር፤ እሱም በሌላ ሰው ቢሆን ጎራዴ የሚያስመዝዘውን ነገር ከእሷ አፍ ሲሰማ ይስቃል። ከዓለም እንደ እሷ የሚወደው አልነበረውም።

ታዲያ አንድ ቀን ባዕድ በርስቱ ላይ መቀመጡን ሰማና ፈረሱን ጭኖ ወረደ። ከዋሻው አፍ ቆሞ፣ «ውጣ ከርስቴ» አለ።

ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ፣ ሳይቆጣ፣ «ማነህ?» አለው።

«አባ ነጎድ ቢያድግልኝ ነኛ። ይህም ይጠየቃል?»

ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚወጣ ሰው አጣ። ተናዶ ወደ ፈረሱ ሲመለስ፣ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ በእጁ ያጎረሰው ነጎድ ጆሮውን አጣጥፎ አላስቀርብም አለ። በእግሩ አምባውን ሲወጣ ያገኘው ሰው ሁሉ «እንደምን ዋልክ፣ መንገደኛ» እያለው ያልፋል።

የሚያሾፉበት መስሎት በማግሥቱ ተመለሰ። ድምፁ አሁንም «ማነህ?» አለው። «የጓንጉል ልጅ ነኝ፤ የዚህ ርስት ወራሽ» አለና በሽማግሌ ሊያስፈርድ በቀጥታ ወደ ሸንጎ ሄደ። የትውልድ ሐረግ ቆጣሪው ሽማግሌ ከጥንቱ አባት ጀምረው እየቆጠሩ ወረዱና ጓንጉል ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጓንጉልማ፣ ምስኪን፣ ዘር ሳይተካ ነው የሞተው» አሉ። ቢምል ቢገዘት ሰሚ አጣ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው፤ ለዋሻው ነኝ ብሎ የነገረው ሁሉ ዋሻው ውስጥ ይቀር ነበር።

የምታውቀው የቀረችው ትርንጎ ብቻ ናት። እሷን ላይጠራ በልቡ ምሎ፣ ስሙን እንዲመልስለት ሊለምን ወረደ። «ማነህ?» ሲለው ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ድምፁ ቀረብ ብሎ ደገመው። በሦስተኛው ከጆሮው ሥር ሆነ። ሰው ሲጨንቀው የሚጠራው የሚወደውን ነውና፣ «የትርንጎ ባል ነኝ» የሚለው ቃል አመለጠው።

እየሮጠ ወጣ። ከብት በሚገባበት ሰዓት ከቤቱ ደርሶ አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ትርንጎ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

አፉን ከፈተ፤ የሚጨምረው ቃል አልነበረውም። ትርንጎ ለለማኝ በሚባለው ለስላሳ ድምፅ፣ «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» አለችው። በገዛ ደጁ ተቀምጦ አለቀሰ ይባላል።

ሌላ መሄጃ ስላልነበረው ወደ ዋሻው ተመለሰና በዚህ ጊዜ እስከ ውስጥ ዘለቀ። ጎቢንድን እግሩን እንዳጣጠፈ አገኘው። ደርቋል፤ ሸረሪት ከከንፈሩ እስከ ደረቱ አድርታበታለች። ከሞተ ክረምት አልፎታል። «ማነህ?» አለ ድምፁ። ቢያዳምጥ የሚወጣው ከራሱ ደረት ነበር።

ከሬሳው ፊት ለፊት ተቀመጠ። የሚመልሰው ስላልነበረው ጥያቄውን ራሱን ይዞ ወደ መጣበት ተከተለው። ከዚያ ምን እንዳገኘ ሽማግሎች አይናገሩም፤ የማያውቁትን መጨመር ነውር ነው ይላሉ።

አንድ ማለዳ ከትርንጎ ደጅ መጥቶ አንኳኳ። «ማነው?» አለች። ዝም አለ። ደግማ ጠየቀች፤ ዝም አለ። ከውስጥ ዘነዘና ስታነሣ ሰማ፤ ከዚያም ትንፋሿን፣ ከዚያም ምንም። ቆይቶ የበሩ መወርወሪያ ተሳበ። ትርንጎ ፊቱን አየችው፤ አላወቀችውም። ዘነዘናውን አስቀመጠችና «ግባ» አለችው።

አብረው አረጁ። ስሙን የጠየቀው ሰው ፈገግታ ብቻ ያገኝ ነበር። ሲሞት አልቃሿ የምታነሣው ስም አጥታ ተቸገረች፤ ሬሳውን የሚገንዙት ሽማግሌም «እመቤቴ፣ ለመሆኑ ያን ቀን የገባው ባልሽ ነበር?» ብለው ጠየቋት። «እኔስ መች ጠየቅሁት» አለች ትርንጎ። «ፊቱን ሳላይ፣ በሩ ላይ ዝም ሲል ነው ያወቅሁት።» ያወቀችው ባሏን ይሁን፣ ህንዱን ይሁን፣ ዋሻውን ይሁን ግን አልነገረቻቸውም።

ጉርባ አምባ ላይ ዛሬም በር ሲንኳኳ ባለቤቱ፣ «ማነው?» የዋሻው ጥያቄ ነውና ሳይጠይቅ፣ ተነሥቶ መወርወሪያውን ይይዝና ጥቂት ያዳምጣል። ከደጅ ዝምታ ከሆነ ይከፍታል። «እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከሰማ ግን፣ ድምፁ የገዛ ልጁ ቢሆን እንኳ፣ አይከፍትም።