ቤቱን የሚያውቅ ብረት

ተረት ተረት! ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ «የማረሻ ብረት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ ብረት ከሩቅ ተራራ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት ዘመን፣ ሁለት ብረት ቀጥቃጮች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። አንዱ አጥናፉ፣ አንዱ ቢራራ ይባላሉ።

አጥናፉ ማረሻ ይሸጣል። ማረሻው ያብረቀርቃል፤ ግን ስስ ነው። ገበሬው ገዝቶ ይሄዳል፤ ድንጋይ ሲነካው ቀጭ! ተመልሶ ይገዛል፤ ቀጭ! ደግሞ ይገዛል፤ ቀጭ!

«አያ አጥናፉ፣ ምነው ጠንከር ብታደርገው?» ይሉታል።

«ከጠነከረማ መቼ ትመለሱልኛላችሁ? እኔ ምን ልብላ?» ብሎ ይስቃል። ስብርባሪውን ተቀብሎ ከደጁ ሥር ካለው ገደል ይወረውረዋል።

ቢራራ ግን ማረሻ አይሸጥም። «ማረሻው የእኔ፣ ማረሱ የአንተ» ይለዋል ገበሬውን። «እስኪደክም እረስበት። ሲደክም መልስልኝና ሌላ ውሰድ። እህል ስታስገባ ከአውድማህ ቁና ትሰፍርልኛለህ።» የደከመውን ማረሻ ማጭድ ያደርገዋል። ማጭዱ ሲያልቅ ወስፌ ይሆናል። በወስፌው ሚስቱ የሻረግ ሰፌድ ትሰፋበታለች።

ብልሃቱን አያችሁት? ማረሻው ቶሎ ቢሰበር የሚከስረው ራሱ ቢራራ ነው፤ ስለዚህ አጠንክሮ ይሠራል። አጥናፉ ግን የሚያተርፈው ሲሰበር ነው። ዛሬ ፋብሪካዎች ያረጀ ዕቃቸውን ሰብስበው እንደገና ሲሠሩበት «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» ይሉታል። የሻረግ «ቤቱን የሚያውቅ ብረት» ትለው ነበር። እኔ የእሷ ይጥመኛል።

ገበሬው ሁሉ ወደ ቢራራ ጎረፈ። አጥናፉ በቅናት በገነ። ንጉሡ ዘንድ ሄዶ፣ «ጃንሆይ፣ ቢራራ የሞተ ብረት እየቀሰቀሰ አገሩን ያታልላል!» ሲል ከሰሰ።

ንጉሡ አሰብ አደረጉና፣ «ሁዳዳችን፣ ያ ድንጋያማው እርሻ፣ ከሁለት ይከፈል» አሉ። «ግማሹ በአጥናፉ ማረሻ፣ ግማሹ በቢራራ ማረሻ ይታረስ። ቀድሞ የጨረሰ የአገሩ ቀጥቃጭ ይሁን። የተቀደመ እሳት የሚያናፋበትን ወናፉን ያስረክብ፤ ሁለተኛ ብረት አይንካ።»

አጥናፉ ምን አደረገ? ከተራራው የመጣውን ብረት ሁሉ ገዛ። ቅንጣት አላስቀረም። «እንግዲህ ጎረቤቴ ድንጋይ ይቀጥቅጥ!» አለ።

ቢራራ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «አለቀልን የሻረግ። ብረት የለንም።»

«አንተ ሰው፣ ብረታችንማ በየሰው ቤት ነው!» አለችው። «አስጠራው፣ ይመጣል። አይበቃም እንዳትል ደግሞ ያ ገደል አለ። ተነሥ! ንጉሡ ፊት አስፈቅድ።»

ገበሬዎቹ የደከመውን ማረሻ ሁሉ እያመጡ ከደጁ ከመሩለት። ቢራራም ንጉሡ ፊት ቆመ።

«አያ አጥናፉ፣ ገደል የምትጥለውን ልልቀም?»

አጥናፉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ልቀም! የትናንቱንም፣ የዛሬውንም፣ የነገውንም ልቀም! ደጄን ትጠርግልኛለህ።»

«ጃንሆይ ይስሙልኝ» አለ ቢራራ።

«ሰምተናል» አሉ ንጉሡ።

ሰኞ እርሻው ተጀመረ። የአጥናፉ በሬዎች ቀደሙ። ከዚያ ቀጭ! «ጣለው፣ ሌላ አምጣ!» አለ አጥናፉ። ስብርባሪው እንደ ልማዱ ገደል ገባ። ቢራራ ለቀመ፣ አጋለ፣ ቀጠቀጠ።

ማክሰኞ ቀጭ! ቀጭ! «ጣለው፣ ሌላ አምጣ!» ቢራራ ለቀመ፣ አጋለ፣ ቀጠቀጠ። በሬዎቹ ተካከሉ።

ረቡዕ ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! «ጣለው፣ ሌላ አምጣ!»

«ጌታዬ፣ ያ የገዛኸው ብረት ሁሉ አለቀ፤ ሌላ የለም» አለ አራሹ።

አጥናፉ ወደ ገደሉ ሮጠ። ገደሉ እንደ ተጠረገ አውድማ ባዶ ነው። ቀና ሲል የገዛ ብረቱ በቢራራ በሬዎች ኋላ አፈሩን እየገለበጠ ይሄዳል።

«ኧረ ብረቴን!» ብሎ ጮኸ።

«የነገውንም አላልክም?» አሉ እርሻውን ሊያዩ የመጡት ንጉሡ።

ያን ጊዜ የቢራራ በሬዎች የመጨረሻውን ትልም ዘጉ። ጅራፍ ጮኸ፤ ሴቶች እልል አሉ፤ ሽማግሌ ሳይቀር ዘለለ። ቢራራ በሰው ትከሻ ላይ ወጣ።

አጥናፉ ወናፉን ታቅፎ እያለቀሰ መጣ። ንጉሡም፣ «በል ሂድ፤ ከእንግዲህ አንተም ስባሪ ነህ» አሉት።

ቢራራ እጅ ነሣ። «ጃንሆይ፣ እኔ ስባሪ ብረት አልጥልም፤ ሰውንማ እንዴት እጥላለሁ? ለእኔ ይስጡኝ።»

ሰጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጥናፉ የቢራራን ወናፍ ያናፋል። ከአውድማው ቁናም ይካፈላል። ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያ ቢራራ፣ ይቺ ስስ ናት! ጠንከር አድርጋት እንጂ፤ ተሰብራ ልታከስረን ነው?»

የሻረግም ከሰፌዷ ቀና ብላ፣ «አዬ አጥናፉ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ትለዋለች።

ተረቴም እንደ ቢራራ ማረሻ ነው። የእኔ ነው፤ እናንተ እረሱበት። ሲደክም መልሱልኝ፤ አድሼ እሰጣችኋለሁ።