የግራዝማች ደምለው ዳቦ

ግራዝማች ደምለው እሳቸው የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር። አንድ የበዓል ዋዜማ ማድ ቤት ገብተው፣ "ሊጥ እስኪቦካ የሚጠበቀው በስንፍና ነው!" ብለው ወጥ ቤቷን አባረሩና ዱቄቱን በገዛ እጃቸው ለውሰው ወዲያው እሳት ላይ ጣሉት።

ዳቦው የወፍጮ ድንጋይ መስሎ ወጣ። ግራዝማች ግን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አስቆረሱት። እንግዳውም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አለንጋ እያየ፣ ዳቦውን በጠላ እያወራረደ፣ "እጅ ያስቆረጥማል!" ይላል።

በሩ ሥር የተቀመጠው ምላሰኛ ጭሰኛቸው ብቻ ቁራሹን ይዞ ዝም አለ። አንድ ቀን በሰበብ ሊይዙት ሲመኙ የኖሩት ግራዝማች ደስ አላቸው።

"አንተ! ጣፍጧል ካልክ የቀረውን በሙሉ ትጨርሰዋለህ። ከፍቷል ካልክ ጌታህን ሰድበሃልና ትገረፋለህ። በል ተናገር!"

ጭሰኛው ቁራሹን አየ፤ አለንጋውንም አየ። የቱም የሚዋጥ አልነበረም።

"ጌታዬ፣" አለ እጅ ነስቶ፣ "በእርስዎ ቤት ሠሪዋ ሳትቀምስ ለሰው የቀረበ ምግብ አይቼ አላውቅም። የዚህ ሠሪ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ይቅመሱልኝና እናገራለሁ።"

እንግዳው ሁሉ ወደ ግራዝማች ዞረ። ወግ ነውና እምቢ ማለት አልቻሉም። ነከሱ፤ አኘኩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ውይ! ለካስ ሊጡ መቆየት ነበረበት!" የሚል ቃል አመለጣቸው።

ጭሰኛው ብድግ ብሎ አለንጋውን ከግድግዳው አወረደና በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

"ጌታዬ ሲሰደቡ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰዳቢውን ራስዎ ይገርፉታል ወይስ እኔ ላግዝዎት?"