የትርንጎ ልጅ ስም

በአንድ ወቅት ትርንጎ የምትባል ሴት የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። ልማዱ የመጀመሪያ ልጅ በሴቷ እናት ቤት እንዲወለድ ነው። ሦስት ወንድሞቿ ሊወስዷት በመኪና ባሕር ዳር መጡ።

ትልቁ ደምሰው መካኒክ ነው። ያቺን መኪና የገዟት ጊዜ ኤርባጓ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት፣ ቀድሞ ፈንድቶ ኖሮ፣ ሻጩ ዳሽቦርዱን በማስቲሽ ለጥፎ ሸፍኖት አገኘው።

«ባይኖራትስ? ትሄድ የለ» አሉት ታናናሾቹ።

ደምሰው አዲስ ኤርባግ እስኪገባላት ቁልፏን ከኪሱ አላወጣም። ክረምቱን በእግራቸው ሄዱ።

መካከለኛው አንለይ ሾፌር ነው። ትርንጎ ከጎኑ ተቀመጠች። ቀበቶ ስላላሰረች መኪናዋ ጮኸች። ትርንጎም ቤተሰቡ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ቀበቶውን ከጀርባዋ አሳልፋ ቆለፈችው። ጩኸቱ ቀረ። አንለይ ሞተር አጠፋ።

«ምነው ቆምክ?»

«ዝም ያሰኘሽው መኪናዋን ነው። አንቺን ማን ያዘሽ?»

«ሆዴን ያስጨንቀኛል፣ አንለይ ሙት።»

«እንግዲያው እዚሁ ትወልጃለሽ» አለና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ትንሹ ይበልጣል ከኋላ ሆኖ ይሰማል። ሚስቱን ጤና ጣቢያ ሲያመላልስ አዋላጇ ያለችውን አልረሳም። ወርዶ የእህቱን ወንበር ወደ ኋላ ገፋው።

«ኤርባግ ሲነፋ እንደ በቅሎ ርግጫ ነው። ራቅ በይ።»

የታችኛውን ቀበቶ ከሆዷ ዝቅ አድርጎ በዳሌዋ አዋለው፤ የላይኛውን በጡቶቿ መካከል አሳለፈው።

«አሁንስ?»

«አሁን ተነፈስኩ» አለችና በገዛ እጇ ቆለፈችው።

መራዊን አለፍ እንዳሉ፣ ኩርባው ላይ አንድ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ መጣባቸው። አንለይ ፍሬን ያዘ፤ ግጭቱ ግን አልቀረም። ቀበቶው ትርንጎን ከወንበሯ ጋር ያዛት። ኤርባጉ ጭንቅላቷን ተቀበለው። ሆዷን የተጫነው ነገር አልነበረም። ሁሉም በሰንበር ብቻ ተርፈው ወጡ።

ትርንጎ እናቷ ቤት ወንድ ልጅ ወለደች። የልጁ አባት መጥቶ አቀፈውና «ልጄን ያተረፈው ስሙን ያውጣለት» አለ። ክርክሩ ያኔ ተነሳ።

«መከታው ይባላል» አለ ደምሰው። «ቀበቶ አንገት አይዝም። ኤርባጉ ባይኖር ጭንቅላቷን ዳሽቦርዱ ይቀበለው ነበር።»

«ያዛቸው ይባላል» አለ አንለይ። «ቀበቶ ባታስር ኤርባጉ ሲፈነዳ ላዩ ላይ ትደርስ ነበር። ያንተ መከታ ራሱ ይጎዳት ነበር።»

«ሰፊነው ይባላል» አለ ይበልጣል። «ቦታ ያሰፋሁለት እኔ ነኝ። ቀበቶው ሆዷ ላይ ቢውል እሷ ትተርፍ ይሆናል። ስም የምታወጡለት ልጅ ግን አይኖርም።»

«አንተማ ከኋላ ተኝተህ ነበር» አለው አንለይ። ተሳሳቁ።

ትርንጎ ልጇን እያጠባች ቀና አለች። «የቆለፈው የኔ እጅ ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ወንድሞቿ ወደ ክርክራቸው ተመለሱ።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። መኪናዋም ተጠግና ነበርና ተሳፈሩ፤ ሳትጮህባቸው የሁሉም ቀበቶ ተቆለፈ። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሰጡት። የቤት ስሙን ግን እስከ ዛሬ አላገኘም። ማሙሽ ሲሉት ይስቃል።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ይህን ልጅ ማን ይሰይመው?