ዝናብ የተከሰሰበት አውጫጭ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያለው ይስማ፤ እንቅልፍ የመጣበት ይተኛ፤ እኔ አልቀየምም።

በድሮ ዘመን፣ ማሳ ሁሉ ውሃ በተራ በሚጠጣበት አንድ ቆላ አገር፣ ሁለት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። ከላይ በኩል ያለው እንደሻው ይባላል። ሀብታም ነው፣ ምላሱ የሰላ ነው፣ በዕድሜው አንድም ስህተት ሠርቶ አያውቅም፤ እሱ እንደሚለው። ከታች በኩል ያለችው ዘርትሁን ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ቃል ቆጣቢ፣ የሰማችውን የማትረሳ ሴት ናት።

መንደሩ ያለው አንድ ቦይ ብቻ ነው። ያንን ቦይ የቆፈረው የእንደሻው አባት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቦዩ ተጠርጎ ውሃ ሲለቀቅ፣ እንደሻው በሕዝቡ ፊት ቆሞ ይጠይቃል።

«ይህ ውሃ እዚህ የደረሰው በማን ምክንያት ነው?»

«በአባትህ» ይላል ሕዝቡ።

«እንግዲያው የመጀመሪያው ውሃ የማን ነው?»

«ያንተ።»

የመጀመሪያው ውሃ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እንደሻው ሦስት ቀን ሙሉ ለብቻው ያጠጣል፤ የሌላው ማሳ እየተሰነጣጠቀ ይጠብቃል።

ቦዩ አንድ ሕግ አለው፤ የከፈተ ይዘጋል። ሌላ ሕግ የለውም። ይህችን አንዷን ማክበርም ለአንዳንድ ሰው ይከብደዋል።

አንድ ቀን፣ በታኅሣሥ ወር፣ ሰው ሞቶ መንደሩ ሁሉ ለቀብር ወጣ። እንደሻው ተራው ሳይሆን ውሃውን ወደ ጌሾው ለቀቀ። ከዚያ ቀብር ቀረ ተብሎ እንዳይታማ ጋቢውን ደረብ አደረገና፣ ቦዩን ሳይዘጋ ሄደ። ጌሾው ጠጣ፣ ጠገበ፣ ተረፈው። የተረፈው ውሃ የማሳውን ዳር ጥሶ ቁልቁል ወረደ።

ከታች የዘርትሁን አውድማ ነበር። ጤፏን ወቅታ፣ ልታዘራው ነፋስ ትጠብቅ ነበር። ከቀብር ስትመለስ ያገኘችው ጭቃ ነው።

ያ ጤፍ የዓመት ቀለቧና የከርሞ ዘሯ ነው። ካልተተካላት መሬቷን ጥላ ወንድሟ ቤት ጥገኛ መግባቷ ነው። የወንድሟን ሚስት ብታውቋት ታዝኑላት ነበር።

ዘርትሁን አላለቀሰችም። ውሃው የመጣበትን ተከትላ ወደ ቦዩ ወጣች። ቦዩ አፍ ላይ የተረሳ ዶማ አገኘች፤ አነሣችና ወደ መንደሩ ዳኛ፣ ወደ ጭቃ ሹሙ ሄደች።

ጭቃ ሹሙ አውጫጭ ጠራ። አውጫጭ ማለት ጥፋት ሲደርስ አገሬው ሁሉ ተሰብስቦ ነገሩን የሚያወጣበት ወግ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ማንም በሬ አይጠምድም፣ ማንም አውድማ አይወርድም፣ ማንም ገበያ አይሄድም።

«ይህ ዶማ የማን ነው?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«የኔ ነው» አለ እንደሻው ሳያፍር።

ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ ልብሱን እያራገፈ ተነሣ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ እንደሻው። «ቦዩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። እኔ ግን ሰበብ ነኝ እንጂ ምክንያት አይደለሁም። ውሃው የወጣው ፍልፈል የማሳዬን ዳር ስለቦረቦረችው ነው። የተሰበሰብነው ምክንያቱን ለማግኘት አይደለም ወይ?»

ሽማግሌዎቹ ሄደው አዩ፤ የፍልፈሏ ጉድጓድ በእርግጥም ተገኘ። ቀኑ መሸ።

በማግስቱ ጭቃ ሹሙ «እንግዲህ ጠንቁ ፍልፈሏ ናት» አለ።

«እሷስ ምን ታድርግ» አለ እንደሻው። «ፍልፈሏን የጠራት የሣሩ ሥር ነው። ሣር ባይኖር ፍልፈል ምን ልትበላ ትመጣለች?»

ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን ጨበጡ። ቀኑ መሸ።

በሦስተኛው ቀን ጭቃ ሹሙ «እንግዲህ መነሻው ሣሩ ነው» አለ።

«ሣሩስ ምን ያድርግ» አለ እንደሻው። «ሣሩን ያበቀለው የክረምቱ ዝናብ ነው። ዝናብን የሚከስ ካለ ወደ ላይ ይውጣ።»

ልብ በሉ ልጆች። ሰበብ አሉ፣ ጠንቅ አሉ፣ መነሻ አሉ። ስሙ በበዛ ቁጥር ነገሩ ከእንደሻው ደጅ እየራቀ ሄደ። የዘርትሁን ጤፍ ግን የትም አልሄደም፤ እዚያው ጭቃው ውስጥ መብቀል ጀመረ።

በዚህ መሐል ሰማዩ ዳመነ። የሁሉም ጤፍ ሜዳ ላይ ነው።

«ተይው እቴ» አለቻት ዘርትሁንን አንዲት ጎረቤቷ። «የኛም እህል ሊበሰብስ ነው። ከዝናብ ጋር ምን ሙግት አለሽ?»

«ምን ትያለሽ ዘርትሁን?» አለ ጭቃ ሹሙም። «ዝናብ ነው ብለን እንዝጋው?»

ዘርትሁን ፈራች። እሺ ካለች ሰው ይበተናል፤ ሰው ከተበተነ እሷ ወንድሟ ቤት ናት። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ፍርዱን ወድጄዋለሁ» አለች። እንደሻው ፈገግ አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የቦዩ ውሃ እዚህ የደረሰው በማን ምክንያት ነው?»

«በአባቱ» አለ ሕዝቡ፣ ልማድ ሆኖበት።

«አባቱ በምን ቆፈረው?»

«በዶማ።»

«ብረቱ በምን ግሎ ዶማ ሆነ?»

«በከሰል።»

«ከሰል ከምን ይወጣል?»

«ከእንጨት።»

«እንጨቱን ማን አበቀለው?»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ዝናብ» አለና ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

«እንግዲያው የመጀመሪያው ውሃ የዝናብ ነው» አለች ዘርትሁን። «ዝናብ ደግሞ ማሳ የለውም። ከከርሞ ጀምሮ ለሁላችንም በዕጣ ይሁን።»

ሕዝቡ ሰማዩን ማየት ተወና እንደሻውን ያይ ጀመር።

«ይህና ያ ምን አገናኘው?» አለ እንደሻው።

«ይገናኛል እንጂ» አለ ጭቃ ሹሙ። «ምክንያት ሰው እጅ ላይ ይቆማል ካልክ፣ ቦዩም የአባትህ፣ ጥፋቱም ያንተ ነው። ዝናብ ድረስ ይሄዳል ካልክ፣ ጥፋቱም የዝናብ፣ ውሃውም የዝናብ ነው። አንዱን ምረጥ። ሳትመርጥ ማንም አይነሣም፤ ወጉ ነው።»

እንደሻው በልቡ አሰላ። ጤፉ የአንድ ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ውሃ የዕድሜ ልክ ነው። በመጨረሻ አንገቱን ደፋ።

«የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ይህንንማ በመጀመሪያው ቀን ነግረኸናል» አለችው ዘርትሁን። «የቀረውን ንገረን።»

«አልዘጋሁም» አለ።

ሰው ሁሉ ዝናቡ ሳይቀድመው ወደየአውድማው ሮጠ። እንደሻውም ከራሱ ጎተራ የጠፋውን ያህል ጤፍ አውጥቶ፣ በራሱ አህዮች ጭኖ፣ ዘርትሁን ቤት ድረስ አደረሰ። እሷም ወንድሟ ቤት የሄደችው ለጥምቀት፣ ለጥየቃ ብቻ ነው።

ኅዳር ዞሮ ሲመጣ እንደሻው የመጀመሪያውን ውሃ ወሰደ። ያንን ጥያቄውን ግን አልጠየቀም። አጠጥቶ ሲጨርስ ቦዩን ዘጋ። ቀና ሲል ዘርትሁን ከታች ቆማ ታየዋለች። ተመልሶ የዘጋበትን አፈር አንድ ጊዜ ደግሞ ረገጠው።

እንግዲህ ምስጋና ሲመጣ ደጅ ወጥቶ የሚቀበል ሰው፣ ጥፋት ሲመጣ ወደ ሰማይ አይጠቁም።

እኔም የከፈትኩትን ተረት ይኸው ዘጋሁ።